ጉዳዩ፦ የመረጃ ዝውውር ስጋት በአግባቡ ባለመያዙ የቀረበ ቅሬታ

ለሶፍትዌር አልሚው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

በገባነው ውል መሠረት ድርጅታችሁ እየሠራልን ያለውን የደንበኞች ሒሳብ ሲስተም አስመልክቶ ይህን ቅሬታ ስናቀርብ፣ ቅር ያሰኘን የሥራው መዘግየት አይደለም። መዘግየት በሶፍትዌር ሥራ ያጋጥማል፤ ያሳዘነን አስቀድሞ የታወቀ ስጋት የሚከታተለው ሰው አጥቶ ጉዳት ላይ መድረሱ ነው።

ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ የሚዛወረው መረጃ የተጓደሉና የተደጋገሙ መዝገቦች እንዳሉበት ሥራው ሲጀመር ራሳችን አሳውቀናል። ባለሙያዎቻችሁም ይህንኑ በስጋት መዝገቡ (ሥራውን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ችግሮች በሚመዘገቡበት ሰነድ) ላይ አስፍረው፣ የመከሰት ዕድሉንም ሆነ የሚያስከትለውን ጉዳት «ከፍተኛ» ብለው መዝነውታል። ይሁን እንጂ የስጋቱ ተጠሪ ስም የሚጻፍበት ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ በየወሩ የሚላክልን ሪፖርትም ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳይቀየር ሲደግም ቆይቷል። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰውና የመከላከያ እርምጃ ያልተመደበለት ስጋት በመዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻ ምን እንደሚጠቅመን ልንረዳ አልቻልንም።

ከዚያም አንድም የሙከራ ዝውውር ሳይደረግ መረጃው በሙሉ በአንድ ሌሊት ተዛወረ። በማግስቱ የደንበኞች ቀሪ ሒሳብ ከአሮጌው ጋር አልመሳከር ቢል ወደነበረበት እንዲመለስ ጠየቅን፤ የተሰጠን መልስ ግን የመመለሻ ዕቅድ አልተዘጋጀም የሚል ነበር። ከቅሬታችን ሁሉ የከበደው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኞች ሒሳባቸውን ማንቀሳቀስ ተስኗቸው እንደነበረና ባንኩም በ2022 ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደተቀጣ በሙያው ያላችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ፤ አደጋው አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ጥፋቱን ለማካካስ አዳዲስ ፕሮግራመሮች ማሰማራታችሁም አሳስቦናል። ሲስተሙን የሚያውቁት ጥቂት ባለሙያዎች አዲሶቹን በማለማመድ ስለተጠመዱ የተጀመረው እርማት ተጓቷል።

ስለዚህ በስጋት መዝገቡ ላይ ለሰፈረው ለእያንዳንዱ ስጋት በስም የተጠቀሰ ተጠሪና የእርምጃ ቀነ ገደብ እንዲመደብ፣ ቀጣዩ ዝውውር በመረጃው ቅጂ ላይ ተሞክሮና ውጤቱ በጋራ ተመሳክሮ በየምዕራፉ እንዲከናወን፣ የመመለሻ ዕቅዱም አስቀድሞ በተግባር ተፈትኖ እንዲቀርብልን እንጠይቃለን። እነዚህ እስኪሟሉ የቀጣዩን ምዕራፍ ክፍያ የማንፈጽም መሆኑን እያሳወቅን፣ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የደንበኛው ድርጅት የፕሮጀክት አስተባባሪ