ስምህን ያልጻፍኩበት ፎቶግራፍ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ እንዲህ ብሎ መጀመር እንደሚከብድ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝ። የምጽፍልህ ስለዚያ ፎቶግራፍ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ላንሳህ ብሎ ጠየቀኝ። ሃያ ዓመት ከካሜራ ጀርባ ስቆም ለጉርድ ፎቶ ካልሆነ በቀር ከፊቱ ተቀምጬ አላውቅም። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት፣ አነሳሁት፣ አጣጠፍኩት። «ዘና በል» ሲለኝ ትከሻዬ ይብስ ተወጠረ፤ ይህንኑ ቃል ለስንት ሰው እንዳልኩ አሰብኩ። ልጁ ከፊቴ ላይ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። በመጨረሻ «ጨረስን» አለኝና በረጅሙ ተነፈስኩ። ያን ጊዜ አንዴ ጠቅ አደረገ። ዘዴውን አውቀዋለሁ፤ አንተ ላይ አድርጌዋለሁ።

እናትህን ሦስት ሌሊት ስታስታምም አድረህ ከሆስፒታል በቀጥታ እኔ ዘንድ የመጣህበትን ጠዋት ታስታውሳለህ። የመጣኸው ልታርፍ ነበር። እኔ ግን «መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው» አልኩህ። ወዳጅህ ነኝና እምቢ አላልከኝም። ያ ፊልም የሚይዘው 12 ምስል ነው። በአሥራ አንዱ ላይ ለካሜራው ብለህ ፊትህን ሰብስበሃል። «በቃ» ስልህ ፊትህ ተፈታ፤ የመጨረሻው እሱ ነው።

እናትህ ከሕመማቸው ከተነሱ በኋላ ሳልጠይቅህ ዐውደ ርእይ ላይ አቀረብኩት። አንድ ሜትር ቁመት ሰጥቼ አሳተምኩት። ስምህን አልጻፍኩበትም፣ ሦስቱን ሌሊቶችም አልጻፍኩም፤ ምስሉ ራሱ ይናገራል ብዬ። አንተ መጥተህ ከሁለት ሰዎች ጀርባ ቆምክ። አንደኛው «መጠጥ የጎዳው ሰው ነው» አለ፤ ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ሰምቻለሁ። ዞር ብለህ አየኸኝና ምንም ሳትል ወጣህ። ተከትዬህ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ይቅር በለኝ።

ያንን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ ጠልቼው ኖርኩ። እሱ ግን ያየው የቀረበለትን ነው፦ ያበጠ የዓይን ሽፋን፣ ያልተላጨ ጉንጭ፣ ገርበብ ያለ አፍ። ፎቶግራፍ ብርሃን ይይዛል እንጂ ምክንያት አይይዝም። ሌላም ነገር አለ። ያነሳሁህ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው፤ ሲቀርቡ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። የቁም ምስል የሚያነሱ ሰዎች ሁለት ሜትር ያህል የሚርቁት ለዚህ ነው። እኔ የቀረብኩት ወዳጅ ስለሆንኩ ነው። ተመልካቹም እዚያው ርቀት ላይ ቆሞ አየህ፤ ያን ያህል እንዲቀርብህ ግን የፈቀድከው ለእኔ ብቻ ነበር።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒፖሞ ላይ፣ አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ያነሳችውን ምስል አይተኸዋል፤ ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ላንግ ጥቂት ደቂቃ ቆየች፤ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው ምግብ እንደገዙ ጻፈች፤ ቤተሰቡ በኋላ ይህ አልሆነም ብሏል። ምስሉ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ለሰፈሩ እርዳታ ሲላክ ሴትዮዋ ከዚያ ሄዳ ነበር። ዓለም ፊቷን እያወቀ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው፤ ያን ጊዜም ባላነሳችኝ ይሻለኝ ነበር ብላ ተናገረች። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የማየው አንተ ከአዳራሹ ስትወጣ ነው። ግን በ1983 ስትታመም፣ ፎቶግራፉን የሚያውቁ የማታውቃቸው ሰዎች ደብዳቤና ገንዘብ ላኩላት። ስለዚህ ተመልካች ሁሉ ሌባ ነው ማለትም አልችልም።

የሚነሳው ሰውም ሁሌ ተሸናፊ አይደለም። ማርክ ጋራንዤ በ1960 አልጄሪያ ውስጥ የፈረንሳይ ጦር ወታደር ሳለ ለመታወቂያ ወረቀት ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንዲያነሳ ታዘዘ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ የፊት መሸፈኛቸውን ያወለቁት በግድ ነው። አፋቸው ዝግ ነው፤ ዓይናቸው ግን ሌንሱን አልፎ እስከ ዛሬ የሚያየውን ሰው ይወጋል። ካሜራው ያዘዙት አለቆች ያልፈለጉትን ነገር ይዞ ቀረ።

በእኛ ቋንቋ ፎቶ «አነሳ» እንላለን። የወደቀን ሰው ማንሳት አለ፤ የሰውን ዕቃ ካስቀመጠበት ማንሳትም አለ። ያን ቀን የመጀመሪያውን ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

12ቱንም ምስሎች በአንድ ወረቀት ላይ አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ይቀመጥ የምትለው ላይ ምልክት አድርግበት፤ አንዱንም ካልፈለግክ ደግሞ ንገረኝ፣ አንዱም አይቀርም። ባለፈው ሳምንት በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየኋቸው። ብሌንህ ውስጥ መስኮቱ አለ፤ መስኮቱ መሃል ላይ የራሴ ጥላ አለ፣ ከአናቴ እስከ ትከሻዬ። ሰባተኛው ላይ ግን ቀኝ እጅህን ከጉልበትህ ከፍ አድርገሃል፣ ከንፈርህም ተከፍቷል፤ የሆነ ነገር እየነገርከኝ ነበር። እኔ ፎከሱን እያስተካከልኩ ስለነበር አልሰማሁህም፤ ባስብ ባስብ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ትዝ ካለህ ጻፍልኝ፤ ምን ነበር ያልከኝ?

ወንድምህ