ባሕር ሸሽ መሬት ባዶ ቦታ አይደለም

የጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚመለከታችሁ የባሕር ዳር ከተማና የክልሉ ኃላፊዎች

ክቡራን ሆይ፣

ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ በሐይቁ ዳር ስሄድ፣ አንድ ገልባጭ መኪና ቀይ አፈርና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ደንገል፣ ያ ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ላይ ሲደፋ አየሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከብሎኬት ስብርባሪው መካከል ጥቂት የደንገል ራሶች፣ ገና አረንጓዴ እንደሆኑ፣ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። በሳምንቱ ስመለስ ቦታው ተደልድሎ በቆርቆሮ ታጥሯል። ማን እንዳስደፋው አላውቅም፤ ይህን የምጽፈውም ሰው ለመክሰስ አይደለም። እንድጽፍ ያስገደደኝ አጥሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው፣ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ፣ «ባዶ ቦታ እኮ ነው» ማለቱ ነው።

ባዶ አይደለም። ጣና በክረምት ይሞላል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍታው ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወረደ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዳርቻው ለጥ ባለበት ስፍራ ደግሞ ያች አንድ ሜትር ሰፊ መሬት ትገልጣለች። የአካባቢው ገበሬ ይህን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ውኃው ሸሸ እንጂ ለቆ ሄደ አላለም። በግንቦት ጫማችንን ሳናረጥብ የምንሄድበት መሬት በመስከረም ሐይቅ ነው፤ በካርታ ላይ የትኛውም ቀለም ቢቀባ ይህ አይለወጥም።

ይህን ለመርሳት የሚያስቸግር ነገር በዘመናችን አይተናል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ወርዶ መርከቦች መጓዝ አቁመው ነበር፤ ሰዉም ውኃው የለቀቀውን መሬት አረሰ። ብዙም ሳይቆይ በ1998 ክረምት ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባሉት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወንዞቹ ሞልተው ቤት ንብረት አጥለቀለቁ፤ ሺዎችም ተፈናቀሉ። በድርቁ ዓመት ለክቶ መሬት የሚሸነሽን ባለሙያ፣ ለቀጣዩ የሙላት ዓመት ጎርፍ እየደገሰ ነው። አፈር ተደፍቶ ከፍ የተደረገ ቦታም ውኃውን አያጠፋውም። ገሸሽ ያደርገውና ጎረቤቱ ላይ ይልከዋል። ጎረቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፈር የሚያስደፋበት ገንዘብ የሌለው ሰው ነው።

ስለ ደንገሉም ልናገር። ከየተራራው ታጥቦ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራው፣ ማዕበሉን የሚያበርደው እርሱ ነው። አምባዛ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ተጥለቀለቀው ሣርና ረግረግ ይወጣል፤ ቆሮሶም ጎጆውን የሚሠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። የምንደፍነው እንግዲህ የዓሣውን ማዋለጃ ነው። በ2003 ዓ.ም. ከታየ ጀምሮ እጃችንን አስሮ የያዘን እምቦጭም የሚወደው ጥልቀት የሌለው፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ የገባበትን ውኃ ነው፤ ያንን ትርፍ ምግብ እየመጠጠ የሚቀንሰውን ደንገል እየቀበርን በየዓመቱ ሰው አሰልፈን አረም ስናስነቅል መኖር ምን ይባላል?

አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ አውቃለሁ። የቆረጡትን ደንገል ፀሐይ ላይ ዘርግተው እየገለበጡ ያደርቁና፣ ነዶ በነዶ እያሰሩ በጉልበታቸው እየተጫኑ ያጠብቁታል። የታንኳ ዕድሜ አጭር ነው፤ ውኃ ከጠገበች ሌላ መሥራት ግድ ነው። ስለዚህ ደንገል ለእርሳቸው በየጊዜው የሚያስፈልግ ነገር ነው። ዱሮ ከቤታቸው ደጃፍ ይቆርጡት የነበረውን አሁን ሩቅ ቀዝፈው እንደሚያመጡት ሲነግሩኝ፣ እንደ ቅሬታ እንኳ አላደረጉትም። እኔን የከነከነኝም ይኸው ነው።

ከተማው መሬት እንደሚያስፈልገው፣ ሆቴሉና መዝናኛው ለብዙ ወጣት እንጀራ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለሐይቅ ዳርም ይሠራል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢን ደኅንነት የሚመለከት ሥራ ሲታቀድ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት። ዩኔስኮም በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። አዲስ ሕግ እንድታወጡ አልጠየቅሁም። በሐይቁ ዳር ለተሰጠው እያንዳንዱ ቦታ ጥናት ተሠርቶ ከሆነ እናንብበው፤ አልተሠራ ከሆነም ይነገረን። ማን፣ ስንት ካሬ ሜትር፣ እስከ ስንት ዓመት እንደተሰጠው በከተማው አዳራሽ በር ላይ ይለጠፍ። የሕዝብ ንብረት ዝርዝር ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ በፊት ግን ድንበሩ ይታወቅ። ሐይቁ በሙላቱ ጊዜ የሚደርስበት መስመር ተለክቶ በድንጋይ ይከለል፤ እስከዚያ ድረስ በዳርቻው አንድ መኪና አፈር እንኳ አይደፋ። ከመስመሩ ጀርባም ሰው ሁሉ፣ ሻይ ሳይገዛና ዘበኛ ሳያስፈቅድ፣ ውኃውን እያየ የሚሄድበት የእግር መንገድ ይተው።

ቀያሾቻችሁን በግንቦት አትላኩ። በመስከረም መጨረሻ ላኩ፤ ቦቲ ጫማ ያድርጉ። ያ ቆርቆሮ የታጠረበትን ቦታ ከፈለጋችሁ ይዣችሁ እሄዳለሁ፤ ታንኳ ሠሪው ሽማግሌም ዱሮ ውኃው የት ይደርስ እንደነበር በእጃቸው ያሳዩአችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ