የብስክሌት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኮርቻው ከፍ ሲል

ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ገጥሞኛል። «ኮርቻ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ክበብ ያስፈልጋል እንዴ?» መምህራን ክፍል ውስጥ ተጠይቄያለሁ፣ የወላጆች ስብሰባ ላይም ተጠይቄያለሁ። መልሴ አዎ ነው።

ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ ሳይክል የለመደች ከተማ ናት። ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ላይ የቆመ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ብዙው ሳይክል የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። ልጁ ለሳይክሉ ይታጠፍለታል እንጂ ሳይክሉ በልጁ ልክ አልተስተካከለም። ከዚያ «ጉልበቴን፣ ወገቤን አመመኝ፣ እጄን ደነዘዘኝ» ይመጣል።

ስብሰባዎቻችን እንደማንኛውም ክበብ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ሥራ አስፈጻሚ መረጥን፣ ዕቅድ አጸደቅን፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን። 31 አባላት ነበሩን።

ዋናው ሥራችን ልኬት ነበር። ተማሪው ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ደብተር በእግሮቹ መሃል ወደ ላይ ይያዛል፤ ከደብተሩ የላይኛው ጫፍ እስከ መሬት ይለካል። ሴቶቹን የሚለኩት ሴቶች ናቸው። ቁጥሩ በ1.09 ይባዛል። ውጤቱ ታች ከደረሰው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት ድረስ ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና የአስርዮሽ ብዜት እንዲህ በጉጉት ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ቁጥሩ ግን መነሻ ነው። ማረጋገጫው ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለቱ ነው። በመደበኛው የፔዳል አረጋገጥ፣ የእግር ፊተኛው ክፍል ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቀራል። ዳሌ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል።

ወንዶቹ ጋ የነበረው ችግር መሪው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታላቁ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነውን የጽጋቡ ግርማይን ፎቶ አይተው መሪያቸውን ዝቅ አድርገዋል። እሱ ለዚያ አቀማመጥ ዓመታት ሠልጥኗል። እነሱ ደግሞ በመጻሕፍት የተሞላ ቦርሳ ጀርባቸው ላይ አለ። ክብደቱ ሁሉ መዳፋቸው ላይ ያርፍና ጣታቸው ይደነዝዛል። መሪውን ከፍ አደረግንላቸው፤ ሁለቱ አኩርፈው ሰነበቱ፣ ኋላ ተመለሱ።

አሁን ስለ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልንገራችሁ። በአባቷ ሳይክል ነው የምትመጣው። የመንገዱን መጨረሻ ሁልጊዜ እየገፋች ትደርስ ነበር። «ጉልበቴን ያመኛል፣ አቅም የለኝም» ትላለች። ለካናት፣ 76 ሴንቲሜትር። ሲባዛ ወደ 83 ይጠጋል። ኮርቻዋ ግን 74 ላይ ነበር። ለምን ሲባል፣ ሁለቱም እግሮቿ መሬት እንዲነኩ። መውደቅ ትፈራለች። ኮርቻ ሲያጥር ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ ነው የሚገፋው፤ ጫናው የሚያርፈው የጉልበት ሎሚ ላይ ነው። የአቅም ጉዳይ አልነበረም።

የኮርቻው ዘንግ ዝጎ ተጣብቆ ነበር። ነጭ ጋዝ አፍስሰንበት አደረ። በማግስቱ ሦስት ልጆች ተረዳድተው ሲያዞሩት ሲጢጥ ብሎ ለቀቀ። በአንድ ጊዜ አላነሳነውም። መጀመሪያ 77፣ ሳምንት ቆይቶ 79፣ ከዚያ 81። በየመሃሉ ግቢ ውስጥ አቋቋም ተለማመደች፤ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዶ አንድ እግር መሬት፣ አንዱ ፔዳል ላይ። 81 ላይ «ይበቃኛል» አለች፤ እዚያው ተውነው። ዘንጉ ላይ ያለው «ከዚህ በላይ አይነሳ» የሚለው የመጨረሻ ምልክት እንዳይወጣም አይተናል።

ሚያዝያ ላይ ወደ አዲሱ የአባይ ድልድይ ወጣን። 380 ሜትር ነው፣ ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ድልድዩ መሃል ስንደርስ የተወሰኑት ቆመው ውሃውን ያያሉ። እሷ አልቆመችም። ማዶ ደረሰች፣ ዞረች፣ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ላብ በላብ ነው። «ቲቸር፣ አንዴ ደግሜ ልምጣ?» አለችኝ። ሂጂ አልኳት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ስለ ጉልበቷ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላነሳችውም። በሳምንቱ አባቷ ትምህርት ቤት መጥተው ያንኑ ሳይክል «ለእኔ ሲሆን ስንት ላይ ላድርገው?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን ዘንጉ ላይ ሁለት የቀለም መስመር አለ፣ የአባትና የልጅ።

የጎደለም አለ። የጎማ መንፊያችን ጥር ላይ ጠፋ፣ አልተገኘም። በሁለተኛው መንፈቅ በፈተና ምክንያት አራት ረቡዕ አልተገናኘንም። ቃል የገባነውን የታችኛ ክፍሎች ልኬት አልጨረስንም፤ ለዚህ ኃላፊው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ለእግር ኳስ ቡድናችን በየዓመቱ ማሊያ ይገዛል፤ ደስ ይለኛል፣ ይገባቸዋል። የእኛ ክበብ ያለው አንድ ሜትርና ከኪሴ የገዛሁት የቁልፍ ስብስብ ነው። የምንሠራው ዛፍ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ እንበተናለን። ብዙ አንጠይቅም። መንፊያ፣ ሁለተኛ የቁልፍ ስብስብ፣ የማይዝጉ ሦስት አራት የኮርቻ ዘንጎችና ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር የምንጋራው የመጋዘን ጥግ ይበቃናል። ቤቱ የማይነዳ ሳይክል ያለው ወላጅም ለመለዋወጫ ቢሰጠን እንወስዳለን።

ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። የሚመጣ ተማሪ በየቀኑ የሚነዳውን ሳይክል ይዞ ይምጣ፣ ኮርቻው ቢጣበቅም።