ለካንሰር ሕሙማን አስታማሚዎችና ጎረቤቶች፦ የምስጋና መልእክት

ካንሰሩ ተሰራጭቶ ቤታቸው ተኝተው የሚታከሙ ሰዎችን የምንከታተል የአዲስ አበባ ነርሶች ነን። እኛ መጥተን እንሄዳለን፤ ሌሊቱ የእናንተ ነው። ምስጋናውም ከዚያ ይጀምራል።

ለከባድ ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው የሞርፊን ሽሮፕ የሚያገለግለው ለ4 ሰዓት ገደማ ነው። ሕመሙ ካገረሸ በኋላ ማብረድ ስለሚከብድ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12 እያላችሁ ሰዓቱን የጠበቃችሁ፣ ሐኪም ባዘዘው መሠረት የምሽት 4 ሰዓቱን እጥፍ ሰጥታችሁ የሌሊት 8ቱን በእንቅልፍ ያሳለፋችሁለት፣ ተባረኩ። ማንኪያ እንደየቤቱ ስለሚለያይ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክታችኋል። «ሱስ ያስይዛል፣ ሞት ያፋጥናል» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁም ጠርሙሱን አልደበቃችሁም። በሕመሙ ልክ ተለክቶ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። የሚያስቸግረው ሆድ ድርቀቱ ነው፤ ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀን ይለቃል፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የታዘዘውን ቢሳኮዲል (የሆድ ድርቀት መድኃኒት) አብራችሁ የሰጣችሁት ለዚህ ነው።

የፈነዳ የጡት ቁስል ያጠባችሁ ደግሞ የተለየ ምስጋና ይገባችኋል። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። የደረቀ ጋዝ (የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ) በኃይል ሲላጥ ቁስሉ ይደማል፤ እናንተ በጨው ውሃው አርሳችሁ ቀስ ብላችሁ አነሳችሁት፣ ከዚያ በታዘዘው መሠረት የቁስሉን ሽታ የሚቀንሰውን ሜትሮኒዳዞል ኪኒን አድቅቃችሁ ነሰነሳችሁ። ሽታው ሲቀንስ፣ ከሰው ፊቷን ያዞረች እናት ቡና ላይ ትቀመጣለች።

«አባባ እንዳይሰሙ» ብላችሁ በር ላይ ያስቆማችሁን ልጆች፣ በኋላ ሐሳባችሁን ስለቀየራችሁ እናመሰግናለን። ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ጠርጥሯል፤ የሚጨነቀው ብቻውን ነው። «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ንስሐው፣ ኑዛዜው፣ የቤቱ ካርታ፣ ውክልናው፣ ሁሉም አእምሮ ሳይደክም የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር ውሰዱ ያላችሁ የንስሐ አባቶች፣ በረመዳን ሕመምተኛ ይፍታ ያላችሁ ሼሆች፣ ከእኛ ምክር ይልቅ የእናንተ ቃል ተሰምቷል።

ጎረቤቶች፣ አልጋው አጠገብ ስላላለቀሳችሁ እናመሰግናለን፤ ይህ ቀላል አይደለም። አጥሚት ይዛችሁ መጥታችሁ ታማሚው እምቢ ሲል አስታማሚዋን አበላችኋት። በመጨረሻዎቹ ቀናት በግድ ማጉረስ ትን ያስብላል፤ አፍና ከንፈሩን በእርጥብ ጋዝ ማራስ ይበቃል። በየ2 ሰዓቱ ለማገላበጥ ተራ የገባችሁት ወጣቶችም እንዲሁ፤ ተረከዝና ወገብ ላይ የቀላውን ቦታ አለማሸታችሁ ቆዳው እንዳይላጥ ረድቷል።

የተረፈውን ሞርፊን ለሌላ ሕመምተኛ ሳትሰጡ፣ በለቅሶው መሃል አስታውሳችሁ ለጤና ተቋሙ የመለሳችሁ ቤተሰቦች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን።

የቤት ለቤት ማስታገሻ ሕክምና ነርሶች