ሥጋ ልብስ ነው ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ስለ ጾታ ማንነት የምታስተምረውን እናብራራ ብላችሁ ባወጣችሁት ሐተታ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «በካቶሊክ እምነት ሥጋ የነፍስ ልብስ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሌላው ይቆየንና በዚህች እንነጋገር፤ የቀረው ስሕተት የተወለደው ከእሷ ነውና።

ልብስ ከጠበበ ይሰፋል፤ ካልሆነም ይወልቅና ሌላ ይለበሳል። ሥጋ ልብስ ከሆነ «ነፍሴ የማይሆናት ሥጋ ውስጥ ገባች» የሚል ሰው ምን አጠፋ? ጸሐፊያችሁ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትቃወመውን ሐሳብ አንሥተው ትምህርቷ አደረጉት፤ ዝቅ ብለው ደግሞ ለምን እንደምትቃወመው ግራ ገባቸው። ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም።

በ1312 እ.ኤ.አ. የቤተ ክርስቲያኒቱ የቪየን ጉባኤ ነፍስ የሥጋ «ፎርማ» ናት ሲል ወሰነ። (ቪየን ፈረንሳይ ውስጥ ሮን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። እናንተ የጻፋችኋት ቪየና የኦስትሪያ ናት። ደሴን ደሴት ብሎ እንደ መጻፍ መሆኑ ነው።) ቃሉን «ቅርጽ» ብሎ የተረጎመ ይሳሳታል፤ ሥጋን ሕያው የሰው ሥጋ የምታደርገው ነፍስ ናት ማለት ነው። ስትለይ የሚቀረው ሬሳ እንጂ የወለቀ ቀሚስ አይደለም። ደግሞም ነፍስ ከሥጋው በፊት አትኖርም። ወረፋ ይዛ ሥጋ እስኪደርሳት የምትጠብቅ ነፍስ ከሌለች፣ አድራሻ ተሳስታ ሌላ ቤት የምትገባም የለችም። የክርክሩ ውል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ያሳሳታቸው «ሥጋ ለበሰ» የሚለው አነጋገራችን ይሆናል። እሱ ግን ከዘመናት በፊት ለነበረው ቃል፣ ለክርስቶስ የሚባል ነው፤ ለአቶ እከሌ አይሆንም። በየቅዳሴው «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» (የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን) የምንለውስ የተጣለ ልብስ ለመሰብሰብ ነው? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 እ.ኤ.አ. እመቤታችን በነፍስም በሥጋም ወደ ሰማይ መወሰዷን ዶግማ ብለው ሲያውጁ፣ ሥጋዋ ልብስ ብቻ ቢሆን «በሥጋም» ማለት ለምን አስፈለገ? ነሐሴ 16 ፍልሰታን በሚፈታ አገር ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ቫቲካን ስለ ሰው ክብር በ2024 እ.ኤ.አ. ወዳወጣችው ሰነድ እንምጣ። «ዲግኒታስ ኢንፊኒታ» 66 አንቀጾች አሉት፤ እናንተ የወሰዳችሁት የ60ኛውን ግማሽ ነው። ጾታን ለመለወጥ የሚደረግ ሕክምና «እንደ ደንብ» (አብዛኛውን ጊዜ ለማለት ነው) የሰውን ክብር ለአደጋ ያጋልጣል ይላል፤ «እንደ ደንብ» የሚለውን በላችሁት። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ ሲወለድ የታየ ወይም በኋላ የመጣ የብልት አፈጣጠር ችግር ያለበት ሰው ችግሩን በሐኪም ማስተካከል እንደሚችል፣ ይህም ጾታን መለወጥ እንዳልሆነ ተጽፏል። ይህን ማስቀረት የታመመ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት ደጅ የቆመን ወላጅ ማስደንገጥ ነው። 55ኛው አንቀጽ ደግሞ ማንም ሰው የጾታ ዝንባሌው ምንም ይሁን ምን ክብሩ እንዲጠበቅ፣ ጥቃትም እንዳይደርስበት ያዛል። ቦታ ጠብቦ ይሆናል፤ ማስታወቂያው ግን አልጠበበውም። «ጾታ የቀየረ አይጠመቅም» ያላችሁትም ልክ አይደለም፤ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን የተሰጠው ምላሽ፣ በምእመናን ዘንድ መሰናክል እስካልፈጠረ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ሊጠመቅ ይችላል ይላል።

«ጾታ»ንና «ሥርዓተ ጾታ»ንም አንዱን በሌላው ቦታ እየቀያየራችሁ ጽፋችኋል፤ ጾታ የተፈጥሮው ነው፣ ሥርዓተ ጾታ ግን ማኅበረሰቡ ለወንድና ለሴት የሚሰጠው ድርሻ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለቱን መለየት ይቻላል፣ መነጣጠል ግን አይቻልም ብለው ነበር። (በእኛ ቀበሌ ሥርዓተ ጾታ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው የሴቶች ጉዳይ ስብሰባን ነው፤ አንባቢያችሁ ምን እንደተረዳ እግዜር ይወቀው።)

ደግሞ «በወሎ ካቶሊክ የለም ማለት ይቻላል» የሚለውን ማን ነገራችሁ? የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ደሴ የሚለው ለጌጥ የገባ መሰላችሁ? የሌሎቹን ሃይማኖቶች አባቶች ደሴ ፒያሳ ድረስ ሄዳችሁ አነጋገራችሁ፤ ስለ እኛ ግን አዲስ አበባ ስልክ ተደወለ።

ማስተካከያው በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣልን። «ልብስ» የሚለው ይሰረዝ፤ «ፎርማ»ን መተርጎም ካስቸገረ እንዳለ ይጻፍና በአንድ መስመር ይብራራ። ሳይታተም የሚያነብላችሁ ሰው ካስፈለገም የደሴው ወኪላችሁ ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ሞልቷል።

የካቶሊክ ምእመናን፣ ከኮምቦልቻ