ለከዚራ ዛፎች አፈር ተዉላቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እናቴ የእግር መንገድ ነው።

እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። ሐኪሟ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር እንድትሄድ ካዘዛት ሦስት ዓመት አለፈ። ድሬ ላይ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን። ካልተመቸን ደግሞ ማታ 11 ሰዓት ላይ። መንገዱን የምትመርጠው እሷ ናት፤ የምታየውም ጥላ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ብቻ ነው።

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስተን ወደ ከዚራ ሰፈር ውስጥ እንገባለን። ችኮላ የለም። እማዬ የምትሄደው ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው። ግንዱ ጋ ስትደርስ መዳፏን ታሳርፍበታለች። ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ከዚያ "በል እንሂድ" ትላለች። ሻይ የምታፈላው ልጅ "እማማ፣ ዛሬ ቆያችሁሳ" ትለናለች። ባጃጅ ነጂውም ቀስ ይልና "እናቴ፣ ላድርስሽ?" ይላል። "አይ ልጄ፣ በእግሬ ነው የታዘዝኩት" ትለዋለች። የምንመለሰው ከደቻቱ ወንዝ ድልድይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ወስዶብናል። እማዬ እዚያ ስትደርስ ትንሽ ትቆማለች። ምንም አትልም።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አልወጣ ሲል ግርጌው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሟም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ቀጥ ያሉት የባቡሩ ሰዎች ስለቀየሷቸው ነው። እንድንራመድባቸው ያደረገን ግን ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ነው። ቀይ አበባ የሚያወጣውን ዛፍ ሌላው የአገራችን ሰው ሳይቀር "የድሬዳዋ ዛፍ" ይለዋል። የመጣው ከማዳጋስካር ነው። ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ልጆች ሳለን ክንድ የሚያህለውን የደረቀ ፍሬውን እንደ ጎራዴ ይዘን እንፋለምበት ነበር። ስትነቀንቀው ውስጡ ይንኳኳል።

አምና በምንሄድበት አንድ መንገድ ላይ አዲስ የእግረኛ ንጣፍ ተሠራ። ንጣፉ ያምራል፣ አልክድም። ግን ሲሚንቶውን እስከ ግንዱ አንገት አምጥተው አጣበቁት። ከዛፎቹ አንዱ የእማዬ ሦስተኛ ማረፊያ ነበር። ሥሩ ንጣፉን ሲያነሳው ሥሩን ቆረጡት። ቅርንጫፉ ከላይ መድረቅ ጀመረ። ዘንድሮ ራሱን ዛፉን ቆረጡትና በምትኩ ሁለት ዘንባባ ተከሉ። የቀረው ጉማጅ ነው። የመጀመሪያው ቀን እማዬ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፤ የምትይዘው የለም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አንሄድም።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ገና ያልተሠሩ መንገዶች ስላሉ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ይዘረጋል። ውሃም አየርም የሚያገኘው ከዚያው ነው። የድሬ ዝናብ እንደሆነ ትንሽ ነው፤ እሷንም ሲሚንቶው ወደ ቱቦ ይሰዳታል። ሥሩ የተቆረጠበት ዛፍ ደግሞ መቆሚያ ያጣል። ነፋስ ሲመጣ ቤት ላይ ወይም ሰው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በየግንዱ ዙሪያ አንድ አንድ ሜትር አፈር ይተውለት። ንጣፉን ለሚሠራው ሰው ሥራ ይቀንስለታል እንጂ አይጨምርበትም።

የሞተ ዛፍ ሲተካም ጥላ በሚሰጥ ይተካ። ኒም አለ፣ ሮቃ አለ፣ የራሳችን የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ዘንባባ ለፎቶ ያምራል። ግን ቀትር ላይ ሥሩ ቆማችሁ ሞክሩት፤ አንድ ሰው እንኳ አያስጠልልም። በሳቢያን በኩል ያሉትን አዳዲስ ሰፈሮች እዩ። አስፋልቱ ሰፊ ነው። እንደ እናቴ ያለ ሰው ግን በዚያ ፀሐይ መቶ ሜትር አይሄድበትም።

"ውሃ ከየት ይመጣል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጀሪካን ተሸክሜ ወረፋ የቆምኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ኒም ብዙ ውሃ የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። ከጠነከረ በኋላ ድርቁን ይችለዋል። እስከዚያ አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ተሰልፈን እንተክላለን። ጥር ላይ ግን የሚያጠጣው ሰው አይገኝም። እያንዳንዱ ችግኝ ከፊቱ ላለው ቤት ወይም ሱቅ በአደራ ቢሰጥ ጥሩ ነው።

እኛ ጉማጁ አጠገብ አንድ ኒም ለመትከል ፈቃድ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። ችግኙ ደጃችን ላይ አሮጌ የዘይት ጣሳ ውስጥ ነው። እማዬ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት ታጠጣዋለች።

አክባሪያችሁ፣
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ