የቴራፒ ረዳት ከማሠልጠናችሁ በፊት አሠልጣኙን ቁጠሩ

ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር የሰው ኃይል ልማት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ሕመምተኛን ማስነሳት፣ ማስቀመጥ፣ ማስኬድ ነው። ጎን ለጎን ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን እከታተላለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ፊዚዮቴራፒና ስለ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳቶች ሥልጠና ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማለት ሕመምተኛው መልበስን፣ መብላትን የመሰለ የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ሕክምና ነው። ሥልጠናው ይስፋፋ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ግን አንድ ነገር ካልተስተካከለ፣ ሰርተፍኬት ይዞ እጁን የማያምን ወጣት ነው የምታወጡልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴራፒ ረዳት ሙያውን የሚይዘው በዋናነት ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ያውም «እጅህን እዚህ አድርግ፣ እዚያ አይደለም» የሚለው ሰው ሲኖር። ስለዚህ ስንት ተማሪ እንቀበል ከማለታችሁ በፊት፣ አጠገባቸው የሚቆም ስንት ባለሙያ አለን ብላችሁ ቁጠሩ። ይህን ያህል ነው ጥያቄዬ። የቀረው ለምን እንደምል ለማስረዳት ነው።

ረዳት እንደሚያስፈልግ አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ወደ 2.4 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው የተሃድሶ ሕክምና ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር አለበት። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 «ተሃድሶ 2030» በሚል ስም ለአገሮች ጥሪ አቅርቧል። በ2023 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ተሃድሶ በጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲጠናከር የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 26 ላይ አገሮች በተሃድሶ አገልግሎት ለሚሠሩ ባለሙያዎችና ሠራተኞች የመነሻም የተከታታይም ሥልጠና እንዲያስፋፉ ይላል። ሠራተኞች የሚለው ቃል ውስጥ ረዳቱም አለ።

በሥራ ላይ ስናየው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ከወንበር መነሳትን መልሶ ለመማር በቀን ደጋግሞ መነሳት አለበት። አንድ ጊዜ አሳይቶ መሄድ የትም አያደርስም። እኔ አንዱን ሳስነሳ ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ይተኛሉ። ሲተኙ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ የመኝታ ቁስል ይመጣል። ድግግሞሹን ይዞልን የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል። እሱ ነው ረዳት።

ሥራውን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን «መደገፍ» ብቻ ይመስላል። እስቲ አንዱን በቅርብ ላሳያችሁ።

ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ያደከማቸው አባት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ዊልቸር ሊሸጋገሩ ነው። ረዳቷ ቀድማ የምታየው የዊልቸሩን ፍሬን ነው። በሁለቱም በኩል ተይዟል? የእግር ማስቀመጫው ተነስቷል? ዊልቸሩ የቆመው በደህናው ጎን በቀኝ በኩል ነው? ቀጥላ እግራቸውን ታያለች። የሚያንሸራትት ካልሲ ነው ያደረጉት ወይስ ጫማ? ሁለቱም እግሮች ወለሉን ረግጠዋል? ከዚያ ወገባቸው ላይ የማስነሻ ቀበቶውን ታስራለች። ጉልበቷን አጠፍ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ትቆማለች። «አባባ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ። በሦስት እንነሳለን» ትላቸዋለች። ከዚያ ትጠብቃለች። መጠበቁ ነው ከባዱ። ሰውየው ራሳቸው እንዲነሱ እንጂ እንደ ዕቃ እንዲነሱ አይደለም የሚፈለገው።

በዚህች ቅጽበት አንድ የቸኮለ ሰው የደከመውን ክንድ ይዞ ቢጎትት ጣጣ ነው። በዚያ በኩል ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መገጣጠሚያው በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል። በደግነት የተጎተተ ክንድ ለወራት የሚቆይ የትከሻ ሕመም ያመጣል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ቴራፒ ሲባል ገና ከሩቁ ይሸሻል።

የኦኩፔሽናል ቴራፒውም እንደዚሁ ነው። እኚሁ አባት ሸሚዝ ሊለብሱ ነው። የደከመው ክንድ ቀድሞ ይገባል፤ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይወጣል። ተራ ነገር ትመስላለች። ቅደም ተከተሏን ያወቀ ሰው ግን ቀስ በቀስ የሌላ ሰው እጅ ሳይጠብቅ ይለብሳል። ምሳ ሲበሉ ደግሞ ረዳቷ ሳህኑን ታያለች። በሳህኑ ግራ በኩል ያለው ምግብ ሳይነካ ተመልሷል? ያ የጥጋብ ምልክት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ አንጎል በቀኝ በኩል ሲጎዳ ሰውየው ግራውን ዓለም ልብ ማለት ያቆማል። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ግን በግራ ያለው ነገር ለእሳቸው የለም። ይህን አይታ ለቴራፒስቱ የምትናገር ረዳት ትልቅ ሥራ ሠራች። «አልበላም» ብላ ሳህኑን የምታነሳ ረዳት ግን ዋናውን መረጃ ከሳህኑ ጋር ወሰደችው።

ይህ ከመጽሐፍ ይነበባል። እጅ ላይ የሚገባው ግን ሲታዩና ሲታረሙ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ለተግባር ልምምድ፣ ልጆቹ እንደሚሉት «አፓረንት»፣ የሚወጡ ተማሪዎች የሚገጥማቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ተቋም ውስጥ ፎጣ ሲያጥፉ፣ ካርድ ሲያመላልሱ፣ ዊልቸር ሲገፉ ነው የሚውሉት። የሚያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ሰንፈው አይደለም። አንዱ ቴራፒስት ሕመምተኛ ይዞ ተወጥሯል፤ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ። መጨረሻ ላይ የመገኘት ወረቀታቸው ላይ ፊርማ ያርፋል። ሰዓቱ ሞላ ይባላል። የሞላው ግን ሰዓቱ ብቻ ነው። ተጠያቂው ቴራፒስቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ተማሪ ማስተማር በሥራ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ የሚቀነስለት ሕመምተኛም የለም። በትርፍ ሰዓትህ ተአምር ሥራ እንደማለት ነው።

ሌላው ቦታ እንዴት እንደሚያደርጉት ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የፊዚዮቴራፒ ረዳቶች ያስመረቀችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እዚያ ሁለቱ ረዳትነቶች ለየብቻ ናቸው። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና አለ። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት ተማሪ መጨረሻ ላይ ቢያንስ 16 ሳምንት ሙሉ ጊዜውን በተግባር ላይ ያሳልፋል። ካናዳ ግን በአብዛኛው ሁለቱን አንድ ላይ አጣምራ ታሠለጥናለች። እንግሊዝ ደግሞ ረዳቱ እንደ ቴራፒስቱ በሙያ መዝገብ ላይ እንዲመዘገብ አይገደድም፤ ብዙው ትምህርት የሚገኘው እዚያው ሥራ ላይ ነው። መንገዳቸው ይለያያል። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። መርማሪውና ዕቅድ አውጪው ቴራፒስቱ ነው፤ ረዳቱ በዚያ ዕቅድ ይሠራል፤ ከጀርባው የሚጠየቅ ባለሙያ አለ።

የቱ ይሻለናል ብትሉኝ የተጣመረውን እመርጣለሁ። ሕመምተኛው አንድ ሰው ነው። ጠዋት መራመድ ከሰዓት መልበስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። በተለይ ባለሙያ በሌለበት ገጠር አንድ ሁለቱንም የሚያውቅ ረዳት ብዙ ቀዳዳ ይደፍናል። የምፈራው ግን ኦኩፔሽናል ቴራፒው የእንጀራ ልጅ ሆኖ እንዳይቀር ነው። መራመድ ለዓይን ይታያል፣ ቤተሰብም ያጨበጭባል። ጥርስ መፋቅን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ እጅ ታጥቦ መብላትን የሚያጨበጭብለት ሰው የለም። ስለዚህ የተጣመረ ሥልጠና ከሆነ ተማሪው በኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሥር የሚያሳልፈው ጊዜ በጽሑፍ ይወሰን። ካልተጻፈ ይዋጣል።

ወሰኑም ይጻፍ። ረዳት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ መቼ አቁሞ ይጠራል? ለእኔ ትልቁ ትምህርት ሦስተኛው ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት ትናንት በዎከር ሄዳለች። ዛሬ አንድ ባቷ አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ያማታል። ያልሠለጠነ ሰው «ጡንቻ ነው» ብሎ ያሻታል። የሠለጠነ ረዳት ግን እጁን ይሰበስባል። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ከተነቀለ የሳንባን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። አያሽም፣ አያስኬድም፣ ወዲያው ይጠራል። እንግዲህ የሚጠራው ሰው በሌለበት ቦታ ረዳት ብትመድቡ ምን ሊያደርግ ነው? ለዚህ ነው ረዳት ለቴራፒስት ርካሽ ምትክ ተደርጎ አይታይ የምለው። የበጀት ሰንጠረዥ ላይ ሲቀመጥ ፈታኝ እንደሆነ ይገባኛል። ሦስት ረዳት በአንድ ቴራፒስት ደመወዝ የሚል ስሌት መምጣቱ አይቀርም። ይምጣ፤ ግን ቴራፒስቱን ሰርዛችሁ አይሁን።

ስለዚህ ከምዝገባው በፊት የልምምድ ቦታዎቹን ስምና በየቦታው ያለውን አሠልጣኝ ቁጥር ይዛችሁ ተነሱ። አሠልጣኝ ለሚሆነው ቴራፒስት ተማሪ ባለበት ወር ሕመምተኛ ይቀነስለት፤ ሥራው ተብሎም ይቆጠርለት። የተማሪው መዝገብ ላይ ከሰዓት ይልቅ የሠራው ይጻፍ። ስንት ጊዜ ሕመምተኛ ከአልጋ አስነሳ? ክራንች ለክቶ ያውቃል? ክራንች መለካት ቀላል ይመስላል። የብብት ክራንች አናቱ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት፤ ክብደቱ እጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ብብቱ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ነርቩን ይጎዳል፣ እጁ ይደነዝዛል። ይህን በአንድ ሰው ላይ አስተካክሎ ያላየ ተማሪ ፈተና ላይ መልሱን ቢያጠቁር ምን ዋጋ አለው?

ልምምዱ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ታጥሮም አይቅር። ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባ ደረጃ አለ፣ ጠባብ በር አለ፣ ዝቅ ያለ አልጋ አለ። ቤተሰቡ ደግሞ አዝኖ ሁሉንም ነገር ሊሠራለት ይፈልጋል። ተማሪው እዚያ ገብቶ «ተዉት፣ እሳቸው ራሳቸው ይሞክሩ» ማለትን መማር አለበት። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ረዳቱ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ይኑረው። የዓለም የሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ የፊዚዮቴራፒ ረዳትን በ3255 ቁጥር ለብቻው አስቀምጦታል፤ የታወቀ ሙያ ነው። የሥራ መደብ ከሌለው፣ ደረጃ ከሌለው፣ ልምዱ ተቆጥሮለት ቴራፒስት መሆን ካልቻለ ግን ጎበዙ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ያሠለጠናችሁበት ገንዘብም አብሮት ይሄዳል። መግቢያ ላይም ጡንቻ አትፈልጉ። ማንሳት በጉልበት ሳይሆን በአቋም ነው። ጉልበቱን የሚያምን ሰው እንዲያውም ወገቡን ቶሎ ይጎዳል። ትዕግሥት ያለውንና የሕመምተኛውን ቋንቋ አጥርቶ የሚናገረውን ምረጡ። የአካል ጉዳት ያለባቸው አመልካቾችም ከበር አይመለሱ።

የሥልጠናውን ረቂቅ ለማየት ከጠራችሁን እኔም ባልደረቦቼም እንመጣለን። አበልም አንጠይቅም። ብቻ ከሰዓት በኋላ ይሁንልን፤ ጠዋት ጠዋት ሕመምተኛ ይበዛብናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፊዚዮቴራፒስት